ሁለት ጎተራ፣ አንድ በር

ወሩ ጥር ነበር፤ የሠርግ ወቅት። ቤቷ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረች የምትተዳደረው ታናሽ እህቴ ሥራዋን ልታስረክብ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ሙሽሮቹ ቪዲዮውን ይዘው እሁድ ማታ ወደ ውጭ ይበራሉ። ዓርብ ሌሊት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ጠዋት ኮምፒውተሯን ስታበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ወጣ፤ «መነሻ ዲስክ አልተገኘም» የሚል።

ወዲያው ደወለችልኝ። «ሁለት ዲስክ አስገብቼ የለ እንዴ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል ተብዬ አይደል ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት?» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ያስጨነቃት የሠርጉ ቪዲዮ ብቻ አልነበረም። ያረፈችው እናታችን በመጨረሻው የፋሲካ በዓል ስትመርቀን የቀረጸችው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የጥገና ባለሙያው መጥቶ ከፈተው። ከሁለቱ ዲስኮች አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው ደህና ነው፤ ፋይሎቹም አንድ ሳይጎድሉ አሉ። «አይዞሽ እህቴ» አላት፤ «ዕቃው አልጠፋም። የጠፋው በሩ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መረጃ እኩል እንዲይዙ ማድረግ በባለሙያዎች ቋንቋ ሬይድ 1 ይባላል። አንዱ የሌላው መስታወት ነው፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ ይጻፋል። ነገር ግን ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም፣ ብዙዎቻችን ባዮስ የምንለው፣ ቀድሞ ይነቃና በዲስኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የመነሻ ክፍል ይፈልጋል። ዊንዶውስን የሚቀሰቅሰው ፋይል ያለው እዚያ ነው። መስታወቱን የሚሠራው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ራሱ ሲሆን፣ ያቺ የመነሻ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከመስታወቱ ውጭ ትቀራለች፤ የምትገኘውም በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ብቻ ይሆናል። ሁለት ጎተራ እህል ሞልተው በሩን ለአንዱ ብቻ እንደማበጀት ማለት ነው።

እርስዎም ቤትዎ ወይም ሱቅዎ ውስጥ ባለ ሁለት ዲስክ ኮምፒውተር ካለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ እነዚህን ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ባለሙያዎን ይጠይቁ፤ «መስታወቱን የሚሠራው ዊንዶውስ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ካርድ?» ካርድ ከሆነ ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ ስለሚያሳይ የመነሻ ክፍሏም አብራ ትገለበጣለች። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከሆነ ግን በሁለተኛው ዲስክ ላይም የመነሻ ክፍል እንዲያዘጋጅልዎ፣ በባዮስ የመነሻ ቅደም ተከተል ውስጥም ሁለተኛ አድርጎ እንዲያስገባልዎ ይንገሩት። በእጅ የተገለበጠ የመነሻ ክፍል በራሱ ስለማይታደስ፣ ትልቅ ለውጥ በተደረገ ቁጥር እንዲያድሰው ያስታውሱት።

ቀጥሎ የማስነሻ ፍላሽ ያዘጋጁ። ዊንዶውስ ራሱ «ሪከቨሪ ድራይቭ» በሚለው ፕሮግራሙ ይሠራልዎታል። ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይጠቀሙ፤ በውስጡ የነበረ ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ የልጆችዎ ፎቶ ያለበትን እንዳይሰጡ።

ከፍላሹ ወይም ከሁለተኛው ዲስክ ለማስነሳት የሚጫኑትን ቁልፍም ይወቁ። በአብዛኞቹ ዴል እና ሌኖቮ ኮምፒውተሮች ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ነው። በወረቀት ጽፈው ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ይለጥፉት። ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመነሻው መንገድ ሲቀየር ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅዎ ይችላል። እሱን ግን ጎኑ ላይ አይለጥፉ፤ ከቤት ካርታዎ ጋር ያስቀምጡት።

የመጨረሻው ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ መሞከር። በመጀመሪያ አስፈላጊ ፋይሎችዎን በውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ ባለሙያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ የመጀመሪያውን ዲስክ ገመድ ያውጣና ያስነሳው። ከተነሳ በሩ ሁለት ሆኗል ማለት ነው። ዲስኩ ሲመለስ ግን ሁለቱ እንደገና እኩል እስኪሆኑ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሳያልቅ ሁለተኛውን በፍጹም እንዳይነቅል።

የእህቴ ነገር በሰላም አለቀ። ባለሙያው በራሱ ፍላሽ አስነስቶ፣ በደህናው ዲስክ ላይ መነሻ ሠርቶላት፣ ሙሽሮቹ እሁድ ከሰዓት ቪዲዮአቸውን ተረከቡ። ሲወጣ ግን አንድ ነገር ተናገረ፤ «መስታወት የሚያሳየው ፊቱ ያለውን ነው። በስህተት አንዱ ላይ ካጠፋሽ ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ አንዱን ከነካ ሁለቱንም ይነካል።» ሁለት ዲስክ ሥራ እንዳይቋረጥ ይረዳል እንጂ ቅጂ የማስቀመጥን ቦታ አይተካም።

ስለዚህ የዚያኑ ሳምንት እህቴ አንድ የውጭ ዲስክ ገዝታ ወደ እኔ ቤት ይዛ መጣች። አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር ተቀምጧል። የእናታችን ምርቃትም በሁለት ሰፈር ይኖራል።