ክፉ ዘር አትፍጠሩ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በየኅብረታችን ፋንታሲ የሚጽፉ ልጆች አሉ። የሌለ አገር ይፈጥራሉ፣ ካርታ ይስላሉ፣ ለነገሥታቱ ትውልድ ይቆጥራሉ፣ ተራራው ለምን እንደተሰነጠቀ የሚያስረዳ አፈ ታሪክ ያበጃሉ። ይህን የሚነቅፉ ታላላቆች የሚያነሡት ክስ አንድ ነው፦ «ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ተረትና ማለቂያ ስለሌለው የትውልድ ቆጠራ አስጠንቅቆታል» ይላሉ (1 ጢሞ 1፥4)። እኔ ደግሞ ይህ ክስ ጥፋተኛውን ለቅቆ ንጹሑን ይዟል እላለሁ።

ውሸት ማለት አድማጩን ለማታለል የተነገረ ነገር ነው። ልብ ወለድ ግን ማንነቱን በግንባሩ ጽፎ ይመጣል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመውን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ነው የሰየመው። ከልብ የተወለደ መሆኑን ደራሲው ራሱ ከሽፋኑ ጀምሮ ነግሮናል፤ ማንን አታለለ? ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ንጉሥ ስለፈለጉ ዛፎች ሲናገር ዛፍ ያወራል ብሎ የተሳሳተ ሰው አልነበረም (መሳ 9)። ጌታችንም ሕዝቡን ያስተማረው በምሳሌ ነው። ጳውሎስ የተቃወመው ደግሞ ጉባኤ ውስጥ እንደ ትምህርት እየቀረበ ጭቅጭቅ የሚወልደውን ተረት ነው።

የፈጠራ ታሪክ መፈተኛው ሌላ ነው፤ እሱንም ከነቢዩ ናታን እንማራለን (2 ሳሙ 12)። ናታን ለዳዊት ስለ አንድ ባለጠጋ፣ ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ ነገረው። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ነደደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ጣቱን ወደ ንጉሡ አዞረ። ታሪኩ አልተፈጸመም፤ ፍርዱ ግን እውነተኛ ነበር። እንግዲህ ስለምትፈጥሩት ታሪክ ሁሉ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ኃጢአቱን ወደ ማን ቤት ይወስደዋል? ወደ ራሳችሁ ቤት ነው ወይስ ወደ ማዶ ሰው ቤት?

ብዙው ፋንታሲ ወደ ማዶ ነው የሚወስደው። በአንድ ወገን መልካም ሕዝብ አለ፤ በሌላው ወገን በደሙ የረከሰ፣ ሲወለድ ጀምሮ ክፉ የሆነ፣ ቢገደል ማንም የማያለቅስለት ነገድ አለ። ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ሲያሳትም የጨለማውን ጦር ኦርክ በሚባሉ ፍጥረታት ሞላው። አጥባቂ ካቶሊክ ስለነበር ግን ነገሩ ዕረፍት ነሣው። ክፋት መፍጠር አይችልም፤ ታዲያ ኦርኮች ከየት መጡ? ነፍስ አላቸው ወይስ የላቸውም? እስከ እርጅናው ድረስ የጻፈውን እየቀያየረ መልስ ሲፈልግ ኖረ፤ የጸና መልስም ሳይተው ሞተ። እኛ ጭንቀቱን ትተን ኦርኮቹን ብቻ ወረስን።

ደግሞስ ኦርክ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ምን ያስፈልገናል? የራሳችን አለን። በጎጃምም ሆነ በሌላው አማራ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው ሲባል ኖሯል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ይህም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ተባለ። ይህ ራሱ ፋንታሲ ነው፤ የሚለየው «ልብ ወለድ» የሚል ሽፋን ስለሌለው ብቻ ነው። ሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሰ፣ ሸማኔው የሠራውን ጋቢ እየለበሰ፣ ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ምጣድ እየጋገረ ልጁን ግን አልዳረላቸውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ ግን ተረቱን አላሸነፈውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም፣ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ምድር፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን አጥንት ሲያማርጡ ሰብለ ወንጌል ቆማ ቀረች። ጌታችን ጸራቢ ነበር (ማር 6፥3)፤ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ 18፥3)። በእኛ መንደር ቢወለዱ ኖሮ ምን የሚል ስም ይወጣላቸው ነበር?

ከደጀን ወጣ ብሎ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያየ ወጣት ለፋንታሲው የሚሆን ምድር ከሌላ ሊበደር አይገባውም። በረዶና የድንጋይ ግንብ ምን ያደርግለታል? መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ደጋ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ከታች ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል፤ አሮጌውና አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከዚያ ሽቅብ እንደገና ወጥቶ ማዶው አፋፍ ላይ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከዚህ የበለጠ ለአፈ ታሪክ የተመቸ ስፍራ የት አለ?

ገደሉ ግን ፈተናም አለው። ብዕሩን ያነሣ ልጅ «ወዲህ ያለነው የብርሃን ልጆች፣ ወዲያ ያሉት የጥላ ልጆች» ብሎ መጀመር ይቀልለዋል። ስሙን ሁሉ ቢቀይርም፣ ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ቢሰቅልም፣ አንባቢው ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል። እኛ በዘመናችን ሰው በወገኑ ምክንያት ሲገደልና ከቤቱ ሲፈናቀል የሰማን፣ አንዳንዶቻችንም ያየን ሰዎች ነን። ይህ መከራ በጥይት አይጀምርም። «እነሱ ከጥንትም እንዲህ ናቸው» በሚል ታሪክ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ለልምምድ ያህል እንኳ መጻፍ ለአንድ አማኝ ወጣት አይገባም።

«ጠላት ከሌለማ ታሪክም የለም» የሚል ይኖራል። ጠላትማ አለ። ተጋድሏችን ግን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ተምረናል (ኤፌ 6፥12)። ጨለማው ኃይል ይኑር፣ ጭራቁም ይኑር፤ ሕዝብን ግን ጭራቅ አታድርጉ። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው የመጀመሪያው የናርንያ መጽሐፍ ክፉ ጠንቋይ አለች፤ ወንድሙንና እህቶቹን የከዳው ኤድመንድ ግን ከአራቱ ልጆች አንዱ፣ የቤት ልጅ ነው። አንበሳውም የሞተው በእሱ ፈንታ ነው። በ«ጦቢያ»ም ድል ያደረገው አረመኔ ንጉሥ ለምርኮኛ የሚራራ ሰው ሆኖ ተስሏል። ጌታችን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ደፈረ፦ በመንገድ ዳር ስለወደቀው ሰው ሲናገር ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ፣ አድማጮቹ የሚጸየፉትን ሳምራዊ አቆመው (ሉቃ 10)። ምሳሌ በጌታ አፍ ይህን ሠርቷል።

ስለዚህ ጻፉ፤ ግን እንዲህ ጻፉ። የፈጠራችሁት መንግሥት ዜና መዋዕል ይኑረው፤ ጸሐፊው ግን የንጉሡን እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑን አትርሱ። ያንኑ ጦርነት የተሸነፈው ወገን አልቃሽ እንዴት ሙሾ እንደምታወርድበት ደግሞ ጻፉት። የጀግናችሁ አያት የወሰደው መሬት የማን እንደነበር ጠይቁ። ለማዶው ወታደር እናት ስጡት፤ ስንቅ ስታሰናዳለት እንያት። ወንዙ የተረገመው በማዶ ሰዎች ኃጢአት ነው ሲባል ኖሮ፣ አንዲት ልጅ አሮጌ ብራና ገልጣ የእኛው ንጉሥ መሐላውን አፍርሶ እንደነበር ታግኝ። ያን ጊዜ አፈ ታሪካችሁ የናታንን ሥራ ይሠራል።

እናንተም የወጣት መሪዎች፣ ልጆቹን «ተረት አትጻፉ» ብላችሁ ብዕራቸውን አትንጠቁ። ይልቅ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ አንብቡ። «ያምራል ወይስ አያምርም?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከማዶ የመጣ አማኝ ወንድማችን ዛሬ በመካከላችን ቢቀመጥ ይህን ገጽ ጮክ ብለን እናነበው ነበር? የምናፍርበት ከሆነ ገጹ ይቀደድ፤ ልጁም እንደገና ይጻፈው።