ጎረቤት የማያነበው መዝገብ

አንድ ድርጅት በአይኤስኦ 14001 መሠረት የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ሲዘረጋ በአመራሩ የጸደቀ ፖሊሲ፣ የሚያደርሳቸው ተጽዕኖዎች ዝርዝር፣ ሊያከብራቸው የሚገቡ ሕጎች መዝገብ፣ መደበኛ ልኬት፣ የውስጥ ኦዲትና የእርምት እርምጃ እንዲኖረው ይጠየቃል። መስፈርቱ ጠቃሚ ነው። ሆኖም የልቀት ጣሪያ አያስቀምጥም፤ የኦዲቱም ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጽ አያስገድድም።

መረጃ ከሕዝብ ሲርቅ የሚከተለውን በደቡብ ሚኒያፖሊስ የሚገኘው የኢስት ፊሊፕስ ሰፈር ያውቀዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆችም በሚኖሩበት በዚህ ሰፈር የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ስሚዝ ፋውንድሪ በተባለው የብረት ማቅለጫ ድንገተኛ ፍተሻ አካሂዶ የአየር ንጽሕና ሕግ ተጥሷል አለ። ነዋሪዎች ይህን የሰሙት ከወራት በኋላ ነበር። በ2024 በተደረሰው ስምምነት ፋብሪካው ማቅለጡን ለማቆም ተስማማ።

ይፋ ማድረግ ድርጅቶችን ያሸሻል የሚል ክርክር ይነሣል። ይሁን እንጂ ኢማስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት በፈቃደኝነት የሚገቡበት ሆኖ ሳለ፣ ተሳታፊዎቹ በገለልተኛ አካል የተረጋገጠ የአካባቢ መግለጫ ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል።

የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በ2023 የድምር ተጽዕኖ ሕግን አጽድቀዋል። ቀጣዩ እርምጃ የልኬትና የኦዲት ውጤትን አማርኛን ጨምሮ በሰፈሩ ቋንቋዎች ማሳወቅን የፈቃድ ግዴታ ማድረግ ነው። ጢሱን ቀድሞ የሚተነፍሰው ጎረቤት መዝገቡን በመጨረሻ የሚያይ ሊሆን አይገባም።