የአቶም ኃይልና እኛ

እሳት ወጥ ያበስላል፤ ቤትም ያቃጥላል። የአቶምም ኃይል እንዲሁ ነው።

ስለ ቦምቡ አሳቤ አጭር ነው። ቦምቡን ይዞ መኖር ጦርነትን ያስቀራል የሚሉ ታላላቅ መንግሥታት አሉ። ነገር ግን ጎረቤቱን በእሳት እያስፈራራ የሚኖር ሰው ሰላም አለው አይባልም። በፋሺስት ወረራ ጊዜ የመርዝ ጋዝ የወረደባት አገራችን ይህን ታውቃለች። ስለዚህም ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው፣ በአቶም መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለው ውሳኔ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ55 ድምፅ ጸደቀ።

የመብራቱ ነገር ግን ብዙ ያከራክራል። በክልላችን በጉባ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን የኑክሌር ኤሌክትሪክ ጣቢያ ለማቋቋም ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈራረመ። ውሃ ዝናም ይጠብቃል፤ አቶም ግን ድርቅ አይፈራም የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው። ዳሩ ግን የአቶም ዐመድ መርዝነቱ ለብዙ ሺሕ ዘመን ይቆያል፤ በ1978 ዓ.ም. በቸርኖቢል የደረሰውም አደጋ ያስተምረናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሁለት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ የግድቡ መብራት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በኩራዝ ለሚያጠናው ልጅ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት የሚጠብቁትና የሚቆጣጠሩት ሊቃውንት ከእኛው ልጆች መካከል ይሠልጥኑ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የፊዚክስ ትምህርት ከባድ ነው ብለን አንሽሽ። የእሳቱ ጠባቂ ካልተማረ ቤቱን ማን ያድነዋል?