የተደበቀውን ሕመም አብረን እናስታምም

ወገኖቼ! ስለ ወባ በአደባባይ እናወራለን፤ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ቡና ላይ ቁጭ ብለን መድኃኒት እንማከራለን። ኪንታሮት ላይ ስንደርስ ግን ድምፃችን ይወርዳል። ሰውየው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤቱ በጎኑ ተኝቶ «ወገቤን ነው» ይላል። ሚስቱ «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች። ጠያቂውም አምኖ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይወጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ይህን በሽታ ግን በሳቃችንና በሽሙጣችን ያስደበቅነው እኛው ነን። ስለዚህ ማስታመሙም የእኛ ዕዳ ነው።

ነገሩን በግልጽ እንነጋገር። ቀዶ ጥገናው ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ታካሚም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ቁስሉ ግን ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል። ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሚሊጋንና ሞርጋን በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት፣ ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ቁስሉ ሳይሰፋ ክፍት ተትቶ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ እንዲድን ያደርጋል። ክፍት ቁስል፣ ያውም በየቀኑ ሰገራ የሚያልፍበት ቦታ ላይ! የመጀመሪያው ሳምንት ሕመም የሚከፋው ለዚህ ነው። በሽተኛው መጸዳጃ ቤት መግባት ይፈራል፤ ስለፈራ መብላት ይተዋል፤ ሰገራው ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ቁስሉን ይቀደዋል፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ዕጥፍ ይሆናል። ይህን አዙሪት ሐኪሙ ከሆስፒታል ሆኖ ሊሰብረው አይችልም። የሚሰበረው ቤት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ጥሪ ለጓዳው ነው። «ጠንከር እንዲል» ብላችሁ ሥጋና ለስላሳ ብቻ አታቅርቡለት። የሚያስፈልገው ፋይበር የበዛበት ምግብና ውኃ ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ ሽሮ፣ አጃ፣ ተልባ፣ ፓፓያ፤ ሁሉም ከሰፈር ገበያ የማይጠፉ ናቸው። በቀን ወደ 8 ብርጭቆ ውኃ ይጠጣ፤ ልብ የሚል ሰው ይመደብለት። ሚጥሚጣውና በርበሬው ለጊዜው ይቆየው፤ መጠጥም እንዲሁ። ሐኪም ያዘዘለትን የሰገራ ማለስለሻ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ እንዳያቋርጥ፤ የሕመም ማስታገሻውንም ሕመሙ ጣሪያ እስኪነካ ሳይጠብቅ በሰዓቱ እንዲወስድ አስታውሱት። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉት ማስታገሻዎች ሆድ ስለሚያደርቁ ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ ኪኒን አይኑር።

ጾም ከሆነ ደግሞ የጾም ወጡ ለእሱ መልካም ነው፤ የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ መዋሉ ነው። የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሃይማኖታችን በሽተኛ ላይ አይጨክንም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም በረመዳን የታመመ ሰው ጾሙን ትቶ ሲድን ቀኑን እንዲተካ እንደተፈቀደለት ያውቃሉ። የታመመውን «እስቲ ታገሥ» ከማለት ይልቅ ፈቃዱን የምናስታውሰው እኛ እንሁን።

ሁለተኛው ጥሪ ለግቢው ነው። አምስትና ስድስት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋራበትን ግቢ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ሰልፍ አለ፤ በሩም ይንኳኳል። በሽተኛው ሲንኳኳበት ይጣደፋል፤ ሲጣደፍ ያምጣል፤ ሲያምጥ ይደማል። እንግዲህ ተነጋገሩ! ለእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ስሜቱ በመጣለት ሰዓት ተራ ሳይጠብቅ ይግባ፤ ማንም አያንኳኳበት። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ስለሚከብደው ግድግዳው ላይ የሚይዘው እንጨት ምቱለት። እሱም ስልኩን ውጭ ትቶ ይግባ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆየት ጫናውን ያበዛዋልና።

ከዚያ ሳፋው አለ። እፎይ ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስም ቢሆን ጥሩ ነው። ውኃውን ሕፃን እንደምታጥቡ በክርናችሁ ሞክሩት። ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ በረኪናም፣ ዴቶልም፣ የተቀቀለ ቅጠልም አይጨመርበት። ሲጨርስ በንጹሕ ጨርቅ እያስነካ ያድርቀው እንጂ አይፈትገው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቀን ሦስት ሳፋ ማሟላት ለአንዲት ሚስት ወይም ለአንዲት እናት ከባድ ነው። የሰፈር ወጣቶች! ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ጀሪካን ውሰዱና ሙሉላት። ማን ምን ሆነ ብላችሁ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ሦስተኛው ጥሪ ለጠያቂ ነው። ሂዱ፤ ግን ተነሥቶ እንዲቀመጥላችሁ አትጠብቁ። በጎኑ እንደተኛ አነጋግሩት፤ አጭር ቆይታችሁ ውጡ። ቢነግራችሁ ሳትስቁ ስሙት፤ ባይነግራችሁ አትመርምሩት። እርግዝናና ወሊድ ብዙ እናቶችን ለዚህ ሕመም እንደሚዳርጋቸው የምታውቁ ሴቶች ደግሞ አንደበታችሁን ክፈቱ። አንዲት ደፋር እናት «እኔም ነበረብኝ፤ ታክሜ ዳንኩ» ብትል የምታድናቸው ብዙ ናቸው።

አራተኛው ጥሪ ለአሠሪና ለዕድር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሰጥቶታል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። አለቆች፣ የሐኪም ማስረጃውን ተቀበሉ፤ «የት ጋ ነው ያመመህ?» እያላችሁ በቢሮው ሁሉ ፊት አታሳቅቁት። ቀን ሠራተኛው፣ የባጃጅ ሾፌሩና ልብስ ሰፊዋ ግን ፈቃድ የሚሰጣቸው የለም። ሸክምና ረጅም መቀመጥ የተከለከለ ሰው ሳይሠራ ምን ይበላል? የዕድር ዳኞች፣ ሲሞት ድንኳን የምንተክልለት ሰው ሳይሞት ሳለም አባላችን ነው። ለታመመ አባል የሚረዱ ዕድሮች አሉ፤ የእናንተ ደንብ ይህ ከሌለበት በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት።

አንድ ነገር ሁሉም ቤተሰብ በቃሉ ይያዝ። ሰገራ ላይ ጥቂት ደም መታየቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው። የማያቆም ደም፣ የረጋ ደም፣ ትኩሳት፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ግን የሐኪም ያለህ የሚያሰኙ ናቸው። ብርቱ መድማት አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ፣ ሁሉም «ዳነ» ብሎ በተዘናጋበት ጊዜ ይመጣል። ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የሰፈሩ ባለ መኪና ደግሞ ስልኩን ክፍት አድርጎ ይደር።

በመጨረሻም፣ በየመብራት ምሰሶው «ኪንታሮት ባንዴ እንነቅላለን» እያሉ ማስታወቂያ የሚለጥፉትን አንስማ። የሚያቃጥል ነገር ተቀብቶለት መውጫው የጠበበበት ሰው ለረጅም ጊዜ ሊሠቃይ ይችላል። አብዛኛው ኪንታሮት በጊዜ ሐኪም ካየው ቢላም አያስፈልገው። ደም ያየ ሁሉ ኪንታሮት አለበት ማለት አይደለም፤ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ይደማል፤ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ሰውን ወደዚያ ምሰሶ የሚገፋው ሐኪም ፊት የሚሰማው ሐፍረት ነው፤ ሐፍረቱን የሠራነው ደግሞ እኛ ነን።

እንግዲህ እንነሣ! ጓዳው ምስሩን ይቀቅል፤ ግቢው ተራውን ይልቀቅ፤ ወጣቱ ጀሪካኑን ይሙላ፤ አሠሪው ፈቃዱን ይፈርም፤ ዕድሩ ደንቡን ያሻሽል። የሚያፌዝ ሲኖርም በዚያው ቦታ እናስቁመው። ከእንግዲህ በሰፈራችን ማንም ሰው በዚህ ሕመም አፍሮ ብቻውን አይሠቃይ።