የጭስ ሐቅ



በእንጅባራ ብርድ እሳትን የሚጠላ ሰው የለም። «በአንዳንድ አገር የቤት ምድጃ በሕግ ይገዛል» ብንል «ደግሞ በገዛ ጓዳችን ማን ሊያዘን ነው?» የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። ጥያቄው ግን ለፊቅህ እንግዳ አይደለም። በዑስማኒያ ቱርኮች ዘመን ከ1869 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) በሐነፊ መዝሀብ ላይ ተመሥርቶ የወጣው «መጀላ» የተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ አንድ ሰው በራሱ ይዞታ የሠራው መጋገሪያ በጭሱ ጎረቤቱን ከቤቱ የማያስቀምጠው ከሆነ ይህን ከባድ ጉዳት ብሎ ይቆጥረዋል፤ እንዲወገድም ያዛል። ግቢው የባለቤቱ ነው፤ ጭሱ ግን አጥር አያውቅም።

እንግሊዞች እንኳ ነገሩን አጥብቀው የያዙት ዘግይተው ነው። በ1952 ለንደን በከሰል ጭስ ታፍና በሺህ የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጡ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝ እርጥብ ማገዶ ለቤት ምድጃ በጥቂት በጥቂቱ መሸጥ ተከልክሏል። ምክንያቱን የዳንግላ እናቶች ሳይማሩ ያውቁታል፤ እርጥብ እንጨት ከመንደዱ በፊት ውኃውን ሲያፈላ ይውላል፣ ዓይን የሚያቃጥለውም ያን ጊዜ ነው።

በእኛ ዘንድ ጭሱ ጎረቤት ሳይደርስ እዚያው ማድቤት ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል፤ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። ጭሱን የምትስበው እናት ናት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ነው፣ በረመዳን ከዐስር በኋላ ለኢፍጣር ስትጣደፍ የምትውል ልጅ ናት። የቤቱን ገንዘብ የሚይዘው አባት ግን ሳሎን ተቀምጦ ሾርባው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሕግ ማድቤት ድረስ ባይገባ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ግን ይገባል። ከሲሚንቶ የሚቀረጸው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጭሱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ስለዚህ መስኮትና የጭስ መውጫ፣ አስቀድሞ ተፈልጦ የደረቀ እንጨትም ያስፈልጋል።

ከሰልስ? በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል፤ ብዙ ቤት የሚተዳደርበት ሥራ ነው። እኛን የሚያሰጋን ማታ ለሙቀት ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ማንደጃ ነው። ከሰል ስለማይጨስ ሰው ይዘናጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። ከመኝታ በፊት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማንደጃውን ወደ ደጅ ማውጣትና በሩን መክፈት ሲገባ፣ «ብርድ መታኝ» ተብሎ የበሩ ሽንቁር በጨርቅ ይወተፋል።