የባንክ ሕንፃ መኖሪያ ሲሆን ማን ይገባበታል?

የቡና ሽያጭ ወቅት ከገጠር ወደ ቦንጋ ከሚገባው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ደካና ወደ አካባቢው ቀበሌዎች አይመለስም። ልጁን ከተማ ልኮ የሚያስተምር አርሶ አደር ለክፍል ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ የቆዩ የባንክ ሕንፃዎችን ወደ መኖሪያነት የመቀየር ጉዳይ ለካፋ ሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

በኒውዮርክ የሚገኘው ዋን ዎል ስትሪት በጎርጎሮሳዊው 1931 ለኢርቪንግ ትረስት ባንክ የተገነባ ባለ 50 ፎቅ ሕንፃ ነው። በ2014 በ585 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ ዛሬ 566 የመኖሪያ ክፍሎች አሉት። የውጭ ገጽታው በቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ገዢው እንዳሻው ሊያፈርሰው አልቻለም። ቅርሱ ተጠብቋል፤ የቤቶቹ ዋጋ ግን የባለጸጋ ነው። በመሸጫ ሰፈሩ ሲሠራ የኖረ ተራ ሠራተኛ አይገባባቸውም።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም ያስመረቀው 209 ሜትር ከፍታ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ክብ አዳራሽ ካለው ከቀድሞው ሕንፃ አጠገብ ቆሟል። ባንኮች ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወሩ የሚተዉት ቢሮ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ እየቀረበ መምጣቱ አይቀርም።

መልሱ ግድግዳ ከመክፈል በላይ ነው። ቢሮ በአንድ ፎቅ ላይ ጥቂት መጸዳጃ ይበቃዋል፤ መኖሪያ ግን ለየክፍሉ ውኃና ፍሳሽ፣ መስኮትና ብርሃን ይሻል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎዋት ሊወስድ ስለሚችል የቀድሞው የመብራት መስመር አይበቃም። ቡና የሚቆላበት፣ ጭስ የሚወጣበት ቦታም ያስፈልጋል፤ ይህን የረሳ ንድፍ በካፋ ቤት አይሆንም።

ሕጉ በር አልዘጋም። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታን ከተፈቀደው አገልግሎት ውጭ ለመጠቀም የከተማው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ የመደራደር አቅም የሚኖረው ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከክፍሎቹ ስንቱ ለተማሪና ለመምህር በሚቻል ኪራይ ይቆይ ብሎ ውል ውስጥ ማስገባት የሚቻለው ያኔ ነው። ባለሀብቱ ቀለም ቀብቶ ቁልፍ ካስረከበ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ኪራዩን አያወርድም።