ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አፕል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አይክላውድ በተባለው የመረጃ ማከማቻው ላይ ያለውን ጥብቅ ምስጠራ ለአዳዲስ የብሪታንያ ተጠቃሚዎች መስጠት አቆመ። የአገሪቱ መንግሥት የተመሰጠረውን መረጃ ማየት የሚያስችለው መንገድ እንዲከፈትለት በምስጢር ማዘዙ በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ኩባንያውም የጓሮ በር ከመክፈት አገልግሎቱን ማንሳትን መረጠ።

ነገሩ የሩቅ አገር ጭቅጭቅ ይመስላል፤ እኛንም ግን ይመለከተናል። ዛሬ ትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች መረጃችን መመስጠሩን ይነግሩናል፤ እውነታቸውን ነው። የምስጠራው ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱው እጅ ነው። ፍርድ ቤት ሲያዛቸው መረጃውን ይከፍቱታል፤ ቁልፉን የሰረቀም ይከፍተዋል። የአፕሉ ጥብቅ ምስጠራ የሚለየው ቁልፉ በባለቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ብቻ በመቅረቱ ነው።

ችግሩ የሚብሰው መረጃ ለብዙ ሰው ሲጋራ ነው። በአፕል አሠራር የጋራ ፎልደር ይህን ጥበቃ የሚያገኘው ተጋሪዎቹ ሁሉ ጥብቁን ምስጠራ ካበሩ ብቻ ነው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያየው የተፈቀደ ፋይል ደግሞ ጥበቃውን ጨርሶ አያገኝም። አንድ ቸልተኛ የሌላውን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርጋል ማለት ነው።

ወደ ቢሮዎቻችን እንምጣ። የመታወቂያ ቅጂ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ ሲላላክ ማየት ብርቅ አይደለም። የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከተነጋጋሪዎቹ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም፤ ይህ ጥበቃ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚከፈተው ምስጢራዊ ውይይት ላይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ ልማዳችን ግን ገና አዋጁን አልተከተለም።

መንግሥታት ምስጠራው እንዲከፈትላቸው ሲጠይቁ የሚያነሱት፣ ወንጀል መርማሪ ማስረጃ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ይሁንና ለመርማሪ የተከፈተ በር ለሰርጎ ገብም ክፍት ነው፤ የምስጠራው ሒሳብ የገባውን ሰው ማንነት አይጠይቅም። ቁልፉ ቢጠፋ መረጃው አብሮ ይጠፋል የሚለው ስጋትም እውነት ነው። መድኃኒቱ መጠባበቂያ ቁልፉን ተቋሙ ራሱ፣ ከአንድ በላይ ኃላፊ ባለበት መያዙ ነው።

ስለዚህ የዜጎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ፋይሉን ወደ ክላውድ ከመጫኑ በፊት ራሱ ይመስጥረው። ሠራተኛ ሲለቅ ፈቃዱን በዚያው ቀን ይሰርዝ፣ ቁልፉንም ይቀይር። ከኩባንያ ጋር ሲዋዋል ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቆይ በጽሑፍ ያስፍር። ይህ በውሉ ላይ ካልሰፈረ «መረጃዎ ተመስጥሯል» የሚለው ቃል ከማስታወቂያ አያልፍም።